«ኃይሉ ከደም ይምጣ ወይስ ከከተማው?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በምትጽፊው የከተማ ፋንታሲ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ አንድ ሌሊት የተቆለፈ በር በቃል ብቻ ይከፍታል። ኃይሉ ከየት እንደመጣ ገና አልቆረጥሽም። ከአያቱ በደም የወረሰው ነው ብለሽ መጨረሻ ላይ ልትገልጪው አስበሻል። እባክሽ ትንሽ ቆይ በይ። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ ሦስት ዓመት በልቶብኛል።

የኔዋ ገጸ ባሕርይ ሊፍት ጠጋኝ ናት። የቆመ ሊፍት ላይ እጇን ስታሳርፍ ይነሳል። ይህ ከየት እንደመጣላት ለራሴም ሳልወስን 18 ምዕራፍ ጻፍኩ። 19ኛው ላይ «እናትሽም እንዲሁ ነበረች» የሚል ደብዳቤ ታገኛለች። ያንን ምዕራፍ ስጽፍ አልቅሻለሁ።

ጽሑፉን ለአንድ አሳታሚ ወሰድኩት። ሰባት ወር አስቀመጡት። በደወልኩ ቁጥር «እየታየ ነው» ነው መልሱ። በመጨረሻ በአካል ሄድኩ። በር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካስቆሙኝ በኋላ አርታኢው አስገባኝ። ስሜን እንኳን ሳይጠይቅ «አንቺ» ብሎ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፌን አየሁት። እስከ 30ኛው ገጽ ድረስ ጠርዙ ተጣጥፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከፕሪንተር እንደወጣ ነው። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ከየት ነው የመጣላት?» አለኝ። 19ኛው ምዕራፍ ላይ ይገለጻል አልኩት። «ማን እስከዚያ ይጠብቅሻል?» ብሎ ስልኩን ማየቱን ቀጠለ።

እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል። ሰባት ወር ሙሉ ይዘው 30 ገጽ አንብበው ሰውን እንዲህ መሸኘት ነውር ነው። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። እሱን ለመቀበል ወራት ፈጅቶብኛል።

እንግዲህ ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

1. ምንጩን ከአንባቢ መደበቅ ትችያለሽ። ከራስሽ ግን አትደብቂው። እኔ ስላልወሰንኩ 4ኛው ምዕራፍ ላይ ኃይሉ የሚመጣው ስትናደድ ነው። 9ኛው ላይ ስትረጋጋ ብቻ ሆነ። 12ኛው ላይ የከተማው መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ 13ኛው ላይ ደግሞ በድቅድቅ ጨለማ ሠራ። አንድም ቦታ ስሕተት መሆኑ አልታየኝም ነበር።

2. ደም ካልሽ ሒሳቡን ሥሪ። ጽሑፉን ታናሽ ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ «ወንድሟስ?» አለኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ታሪኩ ውስጥ ወንድም አላት፤ ያው እናት፣ ያው አባት። እሱ ለምን ሊፍት አያስነሳም? መልስ አልነበረኝም። የዘር ውርስን ያጠናው ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናት ያሳየውን ሕግ ብትከተዪ እንኳን፣ ሁለት ወላጆች አንድን ባሕርይ ደብቀው ከያዙ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የመታየት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሪው ደግሞ። 10 ትውልድ ወደ ላይ ስትወጪ 1,024 የቅድመ አያት ቦታ አለ። 20 ትውልድ ስትወጪ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ዘመድ ከዘመድ ስለሚጋባ ሰዎቹ ይደጋገማሉ፤ ቢሆንም የጥንቱ አስማተኛ ዘር ካልተቋረጠ የሞተረኛው ልጅ ጎረቤት፣ አለቃው፣ የሚያሳድደውም ፖሊስ ዘመዶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ ኃይሉ ለምን የእሱ ብቻ ሆነ?

ይህ ጥያቄ ያስቸገረው ጸሐፊዎችን ብቻ አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1937 በመካከለኛው አፍሪካ ስለሚኖረው የአዛንዴ ሕዝብ ባሳተመው ጥናት ውስጥ አለ። አዛንዴዎች የመተት ኃይል ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ወንድ ልጅ ከአባቱ፣ ሴት ልጅ ከእናቷ ትወርሰዋለች ይሉ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ሰው መተተኛ ከሆነ የአባቱ ወገን ወንዶች ሁሉ መተተኞች ናቸው። እነሱ ግን እዚያ ድረስ አይሄዱም። ነገሩ በአንዳንዱ ሰው ውስጥ ቀዝቅዞ ዕድሜ ልኩን ሳይሠራ ሊኖር ይችላል ይላሉ። በመድኃኒት የሚሠራውን አስማት ደግሞ ለብቻው ያዩታል፤ እሱ የሚወረስ ሳይሆን የሚማሩት ነው። ስለዚህ የግድ ደም ይሁን ካልሽ፣ በአንዱ ላይ የቀዘቀዘውን በሌላው ላይ ምን እንዳሞቀው ንገሪን። ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ትምህርት ካልሽ በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክል ማን እንደሆነ እወቂ። ከመንፈስ ጋር የተገባ ውል ካልሽ መንፈሱ የሚፈልገውን እወቂ። እነዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ አልሞከርኳቸውም።

3. ይሄኛውን አደራ። ኃይሉን የሚሰጠውና ዋጋውን የሚወስደው አንድ ነገር ይሁን። ወንድሜ ካፋጠጠኝ በኋላ ለሳምንታት አንድ መስመር አልጻፍኩም። አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር መሆኑን አየሁ። ስሞች ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የምለው ቃል ነው እኮ! ቁጭ ብዬ እስኪነጋ ጻፍኩ።

አሁን ጀግናዬ ምንም አልወረሰችም። ስምንት ዓመት በሌሊት ተራ ከማሽኖቹ ጋር ስለኖረች የእያንዳንዱን ሊፍት ስም ታውቀዋለች። ወንድሟ አላወቀም፤ አብሯቸው አላደረማ! ስሙን ስትጠራው ሊፍቱ ይነሳል፣ በምትኩ ከምታውቃቸው ስሞች አንዱ ይጠፋባታል። መጀመሪያ የአንድ መንገድ ስም ነው። 6ኛው ምዕራፍ ላይ ሊፍት ውስጥ የታፈኑ አንድ ሽማግሌ ታወጣለች። ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ስልኳ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ አራት ፊደል አለ። ታነበዋለች። የማን ስም እንደሆነ አታውቅም። የሚደውለው ወንድሟ ነው።

ይህ ረቂቅ በሌላ አሳታሚ ታትሟል። ሰዎች አግኝተው የሚያነሱልኝ ያንን ስልክ ነው። ስለ እናትየው ደብዳቤ የጠየቀኝ የለም፤ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ሌላም ልብ በይ። የደም ውርስ ገጠርም ጫካም ውስጥ ይሠራል። ከተማን ከመረጥሽ ከተማ ብቻ የሚሰጠውን ተጠቀሚበት። ሽቦው፣ ቁልፉ፣ የማይተዋወቀው ሕዝብ አለልሽ። ልጅሽ በቀን ስንት የማያውቀው ሰው በር ያንኳኳል? ስንቱ ሳይከፈትለት ይመለሳል? አያቱን ተያት፤ ምንጩ እዚያው እጁ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን በር የከፈተበትን ሌሊት ጽፈሽው ከሆነ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አነበዋለሁ። በሩን ከፍቶ ወደ ሞተሩ ሲመለስ ምን እንደጎደለበት አሳዪኝ።