ብሪጁን ተወው፣ አንገቱን እየው

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ። (ለአዲስ አንባቢ፦ ቤዝ ባለ አራት ክር፣ ድምፁ ወፍራም ጊታር ነው፤ ፍሬት አንገቱ ላይ በተርታ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ብሪጅ ደግሞ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት ነው።)

«ጋሼ፣ ከአሜሪካ የተመለሰው አጎቴ አሮጌ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ሰጠኝ። መለያ ቁጥሩ በኤል ፊደል ይጀምራል። ወፍራምና ልሙጥ ክር ነበረበት። ለጣቴ ስለከበደኝ አወጣሁትና ከ40 እስከ 95 የሚባለውን ቀጭን ክር አሰርኩበት። ከዚያ ወዲህ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት ድረስ ዝዝ ይላል። ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቡሎኖች እያዞርኩ ክሩን ከፍ አደረግኩት። አሁን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል፣ ዝዝታው ግን አልጠፋም። ትራስ ሮዱን ላስተካክል ብል የጊታሩ ራስ ላይ ምንም ቀዳዳ የለም። መቃኛዎቹ የሚዞሩት በተቃራኒ ነው። ከቀጭኑ ክር በታች በኩል ደግሞ ጥቁር ቁራጭ ተቸንክሯል፤ የግራኝ ቤዝ ይሆን? ሳጥኑ ውስጥ ሁለት የብረት ክዳኖችም አሉ፣ አንዱ ውስጡ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር አለበት። ጓደኞቼ ‹ብሪጁ ቆርቆሮ ነው፣ በከባዱ ቀይረው፤ መቃኛውንም አብረህ ለውጥ› ይሉኛል። ትራፓኖ ያለው አናጺ አግኝቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

አናጺውን ዛሬውኑ ደውለህ አስቀረው። ትራፓኖ እና የ1960ዎቹ ቤዝ አንድ ክፍል ውስጥ ባይገናኙ ይሻላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ችግርህ አንድ ነው፤ አንተ ግን አምስት አድርገህ ጻፍክልኝ። ብሪጁ ደህና ነው። መቃኛውም ደህና ነው። ቁራጩም የግራኝ አይደለም። እዚህ ቤዝ ላይ የተለወጠው ክሩ ብቻ ነው። እሱንም የለወጥከው አንተ ነህ።

አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን እንደ ደጋን ወደ ፊት ይስቡታል። አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ፣ ማለትም ትራስ ሮዱ፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ አንገቱ ቀጥ ይላል፣ መሃሉ ብቻ በጣም በትንሹ ጎድጎድ ይላል። ክሩ ሲርገበገብ ቦታ የሚያገኘው ከዚያች ጎድጓዳ ነው። ዘንጉ እስካሁን የኖረው የአጎትህን ወፍራም ክር እንዲቋቋም ተጠብቆ ነው። አንተ ቀጭኑን ስታስር የፊቱ ጉተታ ላላ። ዘንጉ ግን ይህን አያውቅም፤ በድሮ ጉልበቱ ወደ ኋላ መሳቡን ቀጠለ። አንገቱ ወደ ኋላ ተለመጠ፣ መሃሉም አበጠ። አንገት እንዲህ ሲሆን ዝዝታው የሚመጣው ከጊታሩ ራስ አጠገብ ካሉት ፍሬቶች ነው። አንተም የጻፍከው እሱኑ ነው። ብሪጁን ስታነሳ ደግሞ የሚነሳው የክሩ የወዲያኛው ጫፍ ነው፤ አንደኛው ፍሬት ጋ የሚደርሰው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እኔን አትመን፤ ራስህ አረጋግጥ። ቤዙን ቃኘው። ወፍራሙን ክር በግራ እጅህ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ ክንድህ ወይም በጓደኛህ ጣት አሥራ ሰባተኛው ላይ ተጫነው። አሁን ክሩ ማስመሪያ ሆነልህ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከት። 0.3 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ቢዝነስ ካርድ የሚያህል። ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ለጥ ብሎ ከተኛና ካርድ ቀርቶ ወረቀት ካላስገባ፣ ነገሩ እንዳልኩህ ነው።

መፍትሔው? መጀመሪያ ካቻቢቴ አታንሳ። የአጎትህን ክሮች ካልጣልካቸው መልሰህ እሰራቸው። ቃኝተህ ሁለት ቀን ተወው፣ ከዚያ በካርዱ ለካ። ብሪጁንም ወደ ነበረበት ዝቅ አድርገው። ከአሥር ሰባት ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ እገምታለሁ። ፍላትዋውንድ፣ ማለትም ያ ልሙጥ ክር፣ ለጣት የሚከብደው ለሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ትለምደዋለህ። ደግሞ ቤዙ የተሠራው ለሱ ነው። የአሜሪካው ሪከርድ ኩባንያ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን የ1962 ፕሪሲዥን ነበረው። ወፍራም ፍላትዋውንድ ያስርበትና እስኪበጠስ ድረስ አይቀይረውም ነበር፣ ያውም በአንድ ጠቋሚ ጣቱ እየተጫወተ። ያን ድምፅ በቀጭን አዲስ ክር ፈልገው፣ አታገኘውም።

ስታስር አንድ ነገር ልብ በል። የዚህ ቤዝ መቃኛ ምሰሶ ከላይ የተሰነጠቀ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው። አዲስ ክር ከሆነ ከምሰሶው አንድ አሥር ሴንቲሜትር አስተርፍ። ጫፉን መጀመሪያ እጠፈው፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጥ። ሳያጥፉ መቁረጥ የላይኛውን ጥቅልል ከውስጡ ሽቦ ያላቅቀዋል፤ የሞተ ክር ትይዛለህ። ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ክተትና ወደ ታች እያወረድክ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥም። አሮጌውን ክር ደግሞ አንዴ በታጠፈበት ቦታ ብቻ ነው የምታጥፈው።

«አይ፣ እኔ ቀጭኑን ነው የምፈልገው» ካልክ ዘንጉን ማላላት አለብህ። ራሱ ላይ ቀዳዳ ያጣህለት ማስተካከያ ያለው በሌላው ጫፍ፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ውስጥ ነው። አዎ፣ ለሩብ ዙር ሲባል አንገቱ ይወልቃል። የዚህ ቤዝ ፈጣሪ ሊዮ ፌንደር በፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። አንገትን በቪቲ ማሰር ለሱ የራዲዮ ክዳን እንደመክፈት ነው። ለእኛ ግን ግማሽ ቀን ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ክሮቹን አላላ፣ ግን አታውጣቸው። አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰርባቸው፤ ጥምጥሙ እንዳይፈታ። ጊታሩን በሆዱ ፎጣ ላይ አስተኛው። አራቱን ቪቲዎች ከጀርባ ፍታ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ካርቶን ላይ እየሰካህ። አንገቱን በቀስታ አንሳ። ጉድጓዱ ውስጥ የወረቀት ወይም የፋይበር ቁራጭ ካገኘህ እንዳትጥለው! ቆሻሻ ይመስላል። አንገቱ ትንሽ እንዲያዘነብል ታስቦ የገባ ነው፤ ካወጣኸው የክሩ ከፍታ በሙሉ ይበላሻል።

አካሉ ውስጥ በሚገባው የአንገቱ ጫፍ፣ ማለትም ተረከዙ ላይ፣ የመስቀል ቅርፅ ስንጥቅ ያለው የብረት ጭንቅላት ታያለህ። ስንጥቁን ሞልቶ የሚገባ ወፍራም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልግ። ቀጭኑ ያንሸራትትና ጠርዙን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው። ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር ብቻ። እምቢ ካለህ አትታገለው፣ ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ስትመልስ የምወዳት ዘዴ አለች። ቪቲውን ቀዳዳው ውስጥ አስገባና መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፣ እንደሚፈታ። እጅህ ላይ «ጠቅ» የምትል ትንሽ መውደቅ ትሰማለህ። የድሮ ጥርሱን አገኘ ማለት ነው። አሁን ወደ ቀኝ አጥብቅ። እንዲህ ካላደረግክ ቪቲው አዲስ ጥርስ ይቆፍራል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ስትፈታና ስታስር እንጨቱ ዱቄት ይሆናል። ቃኝ፣ አሳድር፣ በካርዱ ለካ። አልበቃም? እንደገና ሩብ። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው በፊት አልጨርስም።

አንገቱ ወጥቶ ሳለ ተረከዙ ላይ ያለውን ማኅተም ፎቶ አንሳልኝ። 5 ቁጥር ፕሪሲዥን መሆኑን ይናገራል፣ ቀጥሎ ወርና ዓመት ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል የአንገቱን ስፋት ይነግርሃል። ሲ ከሆነ 1 ከ3/4 ኢንች፣ ማለትም 44 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤል ያለው ቁጥር 1964 አካባቢ ያደርገዋል። ግን ቁጥሩ የተጻፈው በአራት ቪቲ በሚፈታ ሳህን ላይ ስለሆነ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ብሪጁ የምንመጣው። ካፖ አንደኛው ፍሬት ላይ አድርገህ አሥራ ሰባተኛው ላይ ለካ፤ ወፍራሙ ክር 2.8፣ ቀጭኑ 2.4 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ክሩ የሚያርፍባቸው ትንንሽ በርሜሎች በሁለት በሁለት ቡሎን ነው የቆሙት። ሁለቱም ሳህኑን መርገጥ አለባቸው። አንዱ በአየር ላይ ከቀረ እሱም ይንጫጫል። እየተርገበገበ የሚላላ ካለ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርግበት፤ እህትህን ለምናት። ቡሎኖቹ በኢንች ናቸው። የሚሊሜትር ቁልፍ ልክ መስሎ ይገባና ውስጡን ይበላዋል።

ስለ ከባዱ ብሪጅ ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ አንድ ደንበኛ ይህንኑ ችግር ይዞ መጣ፣ ያኔ የማውቀው ያንን የጓደኞችህን መልስ ብቻ ነበር። ከባድ ብሪጅ ገጠምኩለት። ቀዳዳው አልገጥም ሲል ሁለት አዲስ በሳሁ። የድሮውን ስነቅል ደግሞ ከሥሩ የምታልፈውን ቀጭን የመሬት ሽቦ አላየኋትም፣ በጠስኳት። ቤዙ ዝዝ ማለቱን አልተወም፣ በዚያ ላይ ማጉያው ውስጥ «እምምም» የሚል ጨመረ። አንገቱ ነበር ጥፋተኛው። ቀዳዳዎቹ ዛሬም አሉ። ከባዱ ብሪጅ መጥፎ ነው አልልም። ክሩን ከፍ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ግን ሌላ ማስተካከያ ይጠራል፣ ያ ሌላ ደግሞ ሌላ ይጠራል። የቆርቆሮው ሳህን በዚያ ዘመን ስንት ሪከርድ ተቀርጾበታል።

መቃኛዎቹ ተበላሽተው አይደለም በተቃራኒ የሚዞሩት። በዚያ ዘመን ፌንደር ክሉሰን ከሚባል መቃኛ ሠሪ ይገዛቸው የነበሩት እንዲህ ናቸው፤ ጥርሳቸው በተቃራኒ የተቆረጠ። አዲስ ብታስገባ የቪቲው ቀዳዳዎች አይገጥሙም፣ ያኔ አናጺህ ይመለሳል። ጣትህ በሳምንት ይለምደዋል።

ጥቁሩ ቁራጭ የጣት ማሳረፊያ ነው፤ የግራኝ የሚያስመስለው ቦታው ነው። ሊዮ ፌንደር ሰው ቤዝን የሚመታው በአውራ ጣቱ ነው ብሎ አሰበ። አውራ ጣት ክሩን ሲመታ የቀሩት አራቱ ከታች የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። ተጫዋቾች ግን በሌሎቹ ጣቶች መምታት መረጡ። ፌንደር ቁራጩን ወደ ላይኛው ወገን ያዛወረው 1974 ላይ ነው፣ ቤዙ ከወጣ ከ23 ዓመት በኋላ! ካስቸገረህ ፍታና ከክዳኖቹ ጋር አስቀምጠው። ሌላ ቦታ ግን አትብሳ።

የሚያጣብቀው ጥቁር ነገር የበሰበሰ ስፖንጅ ነው። የብሪጁ ክዳን ውስጥ ተለጥፎ ክሮቹን ይጫን ነበር፣ ድምፁ ቶሎ እንዲያልቅ። በእንጨት ማንኪያ ፍቀው፣ ብረቱን አትቧጥጥ። ከፍራሽ ቤት ጣት የሚያህል ስፖንጅ ገዝተህ ለጥፍ። ለማንኛውም ሞክረው፤ ቀስ ላለ ትዝታ የምወደው እንዲህ ታፍኖ ነው። «ዱም» ይልና ለሌላው ቦታ ይለቃል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ ቤዛችሁ ሌላ ዓይነት ከሆነ ዘንግ ላይ የጻፍኩትን አትከተሉ። የድሮው ሪከንባከር 4001 ሁለት ዘንግ ነው ያለው። አንገቱን በእጅ ወደሚፈለገው ቦታ ካመጡት በኋላ ነው ቡሎኑ የሚጠብቀው። በቡሎኑ ጉልበት ልመልሰው ያለ ሰው የጣት ሰሌዳውን ሊገነጥለው ይችላል። ሆፍነር 500/1፣ ያ የቫዮሊን ቅርፅ ያለው፣ ብሪጁ በምንም አልታሰረም፤ ክሩ ብቻ ነው የያዘው። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ብሪጁ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ የት እንደነበረ ደግሞ አታውቁም።

አንተ ግን ዛሬ ማታ ሳጥኑን ፈትሽ። የአጎትህ ክሮች ተጠቅልለው ከክዳኖቹ ሥር ይኖሩ ይሆናል። ካገኘሃቸው በለስላሳ ጨርቅ ጠርገህ እሰራቸው፣ ሐሙስ ለካና ካርዱ መግባት አለመግባቱን ጻፍልኝ።