ሙዚየም ውስጥ ታሪክን ማቃናት ሥራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የታሪክ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሙዚየሞች የአፍሪካን ሕዝቦች ታሪክ በቅኝ ገዢ ዓይን ማሳየታቸውን እንዲተዉ መሥራት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «እሱ ትግል እንጂ ሥራ አይደለም» ይሉኛል። ውጭ አገር ማስተርስ ካልተማርኩ አይሆንም?

መልስ፦ ሥራ ነው፣ ይሆናልም። ግን አብዛኛው ሥራ ያለው መድረክ ላይ ሳይሆን መዝገብ ቤትና ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። አቧራና ወረቀት የሚሰለችሽ ከሆነ ከአሁኑ አስቢበት።

የመቅደላን ነገር እይው። በ1868 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ዘምቶ ነበር። የተዘረፈው ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ እሱም ገዛ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዕቃ መግለጫ ላይ «በግዢ የተገኘ» ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም፤ ተመልካቹን ግን ያሳስታል። ከሐራጁ በፊት ዕቃው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም የማን እንደነበር አሳድዶ መዝገቡን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። የቅርስ አመጣጥ ጥናት የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህ ነው።

ሌላው ኤግዚቢሽን ነው። እዚህ ጋ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ኬፕ ታውን ያለው የደቡብ አፍሪካ ሙዚየም በሕይወት ከነበሩ ሰዎች ገላ ላይ የተወሰዱ የፕላስተር ቅርጾችን የሳን ሕዝብ (የደቡባዊ አፍሪካ ነባር ሕዝብ) «አኗኗር» ብሎ ለዓመታት አሳይቷል፤ ያውም ከእንስሳትና ከቅሪተ አካላት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር። የነጮቹ ታሪክ ደግሞ ለብቻው በባህል ታሪክ ሙዚየም ይታይ ነበር። ትዕይንቱ በ2001 ተዘጋ። በአዘጋጉም ቢሆን ሁሉም አልተስማማም፤ ባለጉዳዮቹ አልተማከሩም የሚል ወቀሳ ነበር። መጋረጃ መዝጋት ቀላል ነው። ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ምን ይታይ፣ ምን አይታይ ብሎ መነጋገር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማወያየት፣ መስማት፣ የአፍ ታሪክ መቅዳት፣ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል። ያንቺ ብልጫ እዚህ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋውን የሚችል ተመራማሪ እንደልብ አይገኝም።

ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በአቅራቢያሽ ባለ ሙዚየም አንድ ዕቃ ላይ አድርጊው። ማን ሰጠ? መቼ? መግለጫውን ማን ጻፈው? የዳታቤዝ አያያዝና የቅርስ ፎቶ አነሳስ ጎን ለጎን ተማሪ። ሥራ ስትፈልጊም «ኩሬተር» (የሙዚየም ስብስብና ኤግዚቢሽን ኃላፊ) የሚለውን ብቻ አታሳድጂ፤ የዶክመንቴሽን ባለሙያ፣ የስብስብ መዝጋቢ የሚሉትንም እያቸው።

ደመወዙን በተመለከተ አልዋሽሽም፤ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ብዙው ሥራ ደግሞ በፕሮጀክት ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቤተሰቦችሽ ሥጋታቸው ይህ ከሆነ ልክ ናቸው። ስለዚህ ማስተማርን ወይም የቤተ መዛግብት ሥራን እንደ ሁለተኛ በር ያዢ። ያንን የመመረቂያ ጽሑፍሽን ግን በሁለት ገጽ አሳጥረሽ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።