መርከብ ላይ እራት ስንት ሰዓት ይሻላል? የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ዘንድሮ ምን እንደተገኘ እንጃ፣ ከድሬም ከሐረርም የሚመጣልኝ ጥያቄ በሙሉ ስለ ክሩዝ ሆኗል። ውጭ ያሉት ልጆች ቤተሰቡን ሰብስበው «ኑ አንድ ሳምንት በመርከብ እንዝናና» ይሉና ቲኬቱን ይቆርጣሉ፣ ከዛ ፎርሙ ላይ እራት በስንት ሰዓት እንደምትበሉ ምረጡ የሚል ይመጣና ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። እና ዛሬ እሱን ብቻ እንመልስ። ሰዓቱን የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ የመርከቡ ሲሆን እናገራለሁ።

«ልጄ ከአሜሪካ ለስምንታችን የ7 ቀን ክሩዝ ይዛለች። ለእራት 5:30፣ 8:00 እና ማይ ታይም የሚል ሦስት ምርጫ አለ፣ ማይ ታይም ይሁን በፈለጋችሁት ሰዓት ትበላላችሁ ትላለች። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ሁለት የልጅ ልጆችም አሉን።» (ከሳቢያን፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። የነሱ 5:30 በኛ ከቀኑ 11:30 ነው፣ 8:00 ያሉት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ወረቀቱ ላይ 8:00 አይቶ ምሳ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው የምለው።

አሁን ልዩነቱ። በድሮው አሰራር ትልቁ ምግብ ቤት (ሜይን ዳይኒንግ የሚሉት) በሁለት ዙር ነው የሚያበላው፣ እርስዎ አንዱን ዙር ይመርጣሉ፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ቀን ጠረጴዛው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ አስተናጋጁም ያው ነው። ሁለተኛው አሰራር ኖርዌጂያን የሚባለው ካምፓኒ በፈረንጆቹ 2000 ፍሪስታይል ብሎ ያመጣው ነው፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት፣ ሮያል ካሪቢያን ማይ ታይም ይለዋል፣ ካርኒቫል ዩር ታይም ይለዋል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ምግብ ቤቱ ከ11:30 አካባቢ እስከ 3:30 አካባቢ ክፍት ነው፣ በመሀል ሲመችዎት ይገባሉ፣ ያገኙት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

ልጅዎ ልክ ናት፣ ግን ለሁለት ሰው ነው ልክ የምትሆነው። ስምንት ሰው ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እንደፈለጉ በሚገባበት በኩል ያለው ጠረጴዛ አብዛኛው ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስድስት ነው፣ ስምንት ሰው አንድ ላይ የሚያስቀምጥ እስኪለቀቅ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ሲገኝ ደግሞ አንዱ ሻወር ገብቷል አንዷ ሱቅ ናት አንዱ ልጅ ፒዛ በልቶ ጠግቧል፣ በቃ በየማታው ሰው መሰብሰብ ነው። ቤተሰብ ለመገናኘት ከሆነ የምትሄዱት ቋሚ ሰዓት ያዙ ነው የምለው። እራት ቢያንስ የቀኑ ቀጠሮ ይሆናል፣ አስተናጋጁም ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ማን ምን እንደማይበላ ያውቃል፣ ሳይጠየቅ ማምጣት ይጀምራል።

የትኛው ዙር ካሉ፣ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ የ11:30ውን። ሁለተኛው ዙር ላይ ማጣጣሚያ እስኪመጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። ልጆች ባይኖሩ ግን የ2 ሰዓቱን ነበር የምለው፣ ምክንያቱም በሙቀቱ የተነሳ ለድሬ ሰው 11:30 መክሰስ እንጂ እራት አይደለም፣ ደግሞ መርከቡ ወደብ ላይ በቆመበት ቀን ከተማ ዞራችሁ አልባችሁ ስትመለሱ ልብስ ለመቀየር እንኳን ጊዜ አይኖርም። ስለ ምሽቱ ትርኢት አይጨነቁ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቴ ነው የሚታየው፣ በመጀመሪያ ዙር የበላ ሁለተኛውን ያያል፣ ሌላው በተቃራኒው።

አንድ ነገር ለልጅዎ ይንገሯት፣ ክፍሎቹ የተያዙት በተለያየ የቡኪንግ ቁጥር ከሆነ ካምፓኒው ጋ ደውላ ቁጥሮቹን ታያይዛቸው። ካልተያያዙ እርስዎ አንድ ጥግ ልጅዎ ሌላ ጥግ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። የተሰጣችሁ ዙር ካልተስማማችሁ ደግሞ የተሳፈራችሁ ቀን ከሰዓት የአስተናጋጆቹ አለቃ ጋ ሄዶ ማስቀየር ይሞከራል፣ ቀድሞ የሄደ ነው የሚያገኘው።

«እኔና ባለቤቴ በሰኔ ከባርሴሎና የሚነሳ መርከብ ይዘናል። መግሪብ ከእራት ጋር እንዳይጋጭብን የትኛውን እንምረጥ? ሐላልስ አለ?» (ከሐረር፣ ጁገል)

እናንተ ደግሞ እንደፈለጉ የሚገባበትን ያዙ። እኛ ጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው የምትጠልቀው፣ መግሪብ ስንት ሰዓት ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ባርሴሎና ግን በሰኔ መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 3:30 ገደማ ነው። የ2 ሰዓቱን ቋሚ ዙር ብትይዙ እራቱ አንድ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም ስለሚፈጅ ልክ ዋናው ምግብ አልቆ ጣፋጩ ሲመጣ ትነሳላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት አካባቢ ግቡ፣ ተረጋግታችሁ ብሉ፣ ክፍላችሁ ሄዳችሁ ውዱእ አድርጋችሁ ጊዜ ይተርፋችኋል። መርከቡ ቦታ ስለሚቀያይር መጥለቂያዋም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ መርከብ በየማታው ክፍል የሚያስገባው የነገ ፕሮግራም ላይ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ይጽፋል፣ እሱን አይቶ በማግስቱ ሰዓት መቀየር የሚቻለው ደግሞ እንደፈለጉ በሚገባበት በኩል ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ በታህሳስ ከማያሚ ለሚነሳ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እዛ ያኔ ፀሐይ 11:30 ላይ ትጠልቃለች፣ የሚጋጨው የመጀመሪያው ዙር ይሆናል። ስለዚህ «ለሙስሊም ይሄ ዙር ይሻላል» የሚላችሁን አትስሙ፣ እንደ ወሩና እንደ ባህሩ ነው። ሶላት ማጣመርና ማሳጠርን ኡስታዛችሁን ጠይቁ፣ እኔ እሱ ውስጥ አልገባም።

ሐላል፣ ይኖራል ብላችሁ እንዳትሄዱ። አንዳንዱ ካምፓኒ ቀድሞ ሲነገረው ያዘጋጃል፣ አንዳንዱ ዓሣና አትክልት ብሉ ነው የሚላችሁ፣ ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ዓሣም ቢሆን ሶሱ ውስጥ ወይን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ጣፋጭ ላይ ደግሞ ጄላቲን። ልዩ ምግብ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ያመጡለትና ቀድሞ ያዛል፣ እንደፈለጉ ሲገባ ግን በየማታው አዲስ አስተናጋጅ ሊገጥማችሁ ስለሚችል ከመጀመሪያው ማታ አንዱን ምረጡና «ነገም አንተ ጋ አስቀምጡን» በሉ። ጠረጴዛ እስካለ ድረስ እሺ ይላሉ።

«ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ሄዶ በፈለጋችሁት ሰዓት ተብሎ 40 ደቂቃ ተሰልፌያለሁ አለኝ። ታዲያ ምኑ ነው ነፃነቱ?» (ከከዚራ)

ጓደኛህ የገባው 1 ሰዓት ላይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አየህ አቦ፣ ሰው በፈለግክበት ሰዓት ና ሲባል ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ሰዓት ነው፣ ከ12:30 እስከ 1:30። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባጃጅ እንደመፈለግ ነው፣ ባጃጅ ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም ሰው እኩል ስለወጣ ነው። ወይ 11:45 ግባ ወይ ከ2 ሰዓት በኋላ። የግድ 1 ሰዓት ካልክ ደግሞ በካምፓኒው አፕ ከቤትህ ሳትወጣ ቀድመህ ለየማታው ሰዓት ያዝ፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ ሰዎች ግን የማይ ታይምን ቀጠሮ አያስፈልግም ብለው ይተዉታል። የመጀመሪያው ማታና ሰው ሱፍ የሚለብስበት ማታ ከሁሉም ይብሳሉ። ሰልፍ ካጋጠመህም በር ላይ አትገተር፣ ስምህን አስመዝግብ፣ ሲደርስ በአፑ ወይ በምትንቀጠቀጥ ትንሽ መሳሪያ ይጠሩሃል።

«ከማናውቀው ሰው ጋር ያስቀምጡናል እንዴ?» (ከሐረር፣ አዲስ ተጋቢዎች)

ካልፈለጋችሁ በአብዛኛው አያስቀምጡም። እንደፈለጉ በሚገባበት በር ላይ ብቻችሁን ነው ወይስ ከሌላ ጋር ብለው ይጠይቃሉ፣ ብቻችንን በሉ። ከሰው ጋር እንቀመጣለን ያለ ግን ቶሎ ይገባል። ሙሽራ ስለሆናችሁ ጠብቁ፣ ምን ያስቸኩላችኋል።

«አባታችን ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ነው የሚወስዱት። በሰዓቱ ካልበሉ ይደክማቸዋል።» (ከመጋላ)

ቋሚ ሰዓት፣ ያለ ክርክር። መርፌውን ወግቶ ሰልፍ ላይ መቆም አደጋ ነው፣ ቋሚ ዙር ላይ ግን የሚቀመጡበት ሰዓት የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ከተቀመጡ በኋላ የመጀመሪያው ሳህን እስኪመጣ ይቆያልና መቼ እንደሚወጉ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ኪሳቸውም ውስጥ የሚበላ ነገር አይጥፋ። መርከቡ ወደ ምስራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሌሊት ላይ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ሊያስቀድሙት ወይ ሊያዘገዩት ይችላሉ፣ ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ምክንያቱም የተሳፈራችሁ ቀን ለመርከቡ ሰዎች ያስረከባችሁት ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው አንዳንዴ ማታ ነው። ፍሪጅና ያገለገለ መርፌ መጣያ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ይሰጣሉ።

«በነሐሴ ነው የምንሄደው፣ እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች፣ እስከ 9 ሰዓት አትበላም። ምን ልታገኝ ነው?» (ከድሬዳዋ)

የሷ ችግር እራቱ ሳይሆን 9 ሰዓቷ ነው። ትልቁ ምግብ ቤት ለምሳ የሚከፈተው በአብዛኛው መርከቡ ባህር ላይ በሚውልበት ቀን ነው፣ እሱም ከ8 ሰዓት በፊት ይዘጋል። ቡፌው ግን ብዙ ጊዜ እስከ 9 ወይ 9:30 ድረስ ምሳ አለው፣ የናንተ መርከብ ስንት ሰዓት እንደሚያነሳ የመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ ልክ 9 ላይ የሚዘጋ ከሆነ አንዳችሁ ቀድማችሁ ሳህን አንሱላት። ከዛ እራቷን ዘግየት አድርጋ ትብላ። ስትጠይቁ «ቪጋን» በሉ፣ ቬጀቴሪያን ካላችሁ ቅቤና እንቁላል ይመጣላችኋል። የህንድ የአትክልት ምግብ በብዙ መርከብ አለ፣ ሽሮና ምስር ለለመደ ሰው ከፓስታው ይሻላል፣ እዛም ግን ቅቤና እርጎ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ቡፌ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በር ላይ ያለችው ጄል ብቻዋን አትበቃም፣ መርከብ ላይ ሆድ የሚያስቀምጠው ኖሮቫይረስ የሚባለው በጄል በደንብ አይሞትም።

«ሰዓት ካልያዝን ቲፕ ለማን ነው የምንሰጠው? በየማታው ለየአስተናጋጁ?»

አይ። በብዙዎቹ ትልልቅ ካምፓኒዎች በሰው በቀን የሚታሰብ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ በየቀኑ ሂሳባችሁ ላይ ይደመራል ወይም ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ቋሚም ሆነ ተለዋዋጭ ሰዓት ለውጥ የለውም። በቀን 16 ዶላር ቢሆን ስድስት ሰው ለ7 ቀን 672 ዶላር ይመጣል፣ ቲኬቱ ርካሽ ነው ብላችሁ ስትደሰቱ ይሄን ደምሩበት። ልጆችም በአብዛኛው ይቆጠራሉ። ከዛ በላይ ደስ ያሰኛችሁ አስተናጋጅ ካለ በእጁ መስጠት ይቻላል፣ ግዴታ ግን አይደለም።

«እኔ በርጫ ላይ ስለምቆይ እራት የምበላው 4 ሰዓት፣ አንዳንዴም 5 ሰዓት ላይ ነው። ለኔ የሚሆን አለ?» (ከታይዋን ሰፈር)

ወንድሜ፣ ትልቁ ምግብ ቤት 3:30 ካለፈ አያስገባህም፣ ቡፌውም ያኔ እየተነሳ ነው። ከዛ በኋላ ፒዛና ሳንድዊች የሚሰጥ ቦታ በብዙ መርከብ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዛም በላይ ይሰራል፣ ወይ ክፍልህ ድረስ ታዛለህ፣ አንዳንዱ ካምፓኒ ግን በትዕዛዝ ያስከፍላል። የሚከፈልባቸው ትንንሽ ሬስቶራንቶችም አሉ፣ እነሱም ብዙዎቹ 4 ሰዓት አይደርሱም። በርጫውን በተመለከተ ግን አንዲት ቅጠል እንኳን ይዘህ እንዳትሄድ። ጫት ዱባይ ወንጀል ነው፣ አሜሪካም ወንጀል ነው፣ እንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች፣ ሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮችም እንደዛው ናቸው፣ መርከቡ ላይ ስትሳፈርም እንደ አየር ማረፊያ ቦርሳህ ይፈተሻል። ያለ ጫት ከሆንክ ደግሞ ወላሂ 1 ሰዓት ላይ ይርብሃል፣ የከዚራውን ልጅ መልስ አንብብና ከ12:30 በፊት ግባ።