ቦርሳ ውስጥ ስለምትገባዋ አጭር ኤአር ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለህ፣ ግሪን ካርድ አለህ። ሱቅህን ሌሊት ስድስት ሰዓት ትዘጋለህ፤ ባለፈው ወር ጎረቤትህ ተዘርፏል። ጓደኛህ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ አጭር ኤአር 15 (የአሜሪካኖቹ የጠመንጃ ዓይነት) አሳይቶ «ሽጉጥ ተብላ ነው የምትሸጠው፣ ችግር የለውም» ብሎሃል። እውነት ሕጋዊ ናት ወይ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስሄድስ መኪናዬ ውስጥ ልያዛት ወይ ነው ያልከው። ከሥር ግማሹ ሰው «ግዛ፣ አሜሪካ ነው» ይልሃል፤ ግማሹ «አብደሃል» ይልሃል። እኔ እንዲህ ዓይነቷን ገዝቼ ስለነበር የሆነውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል።

የገዛሁት በ2021 ነው። ያኔ እኔም ግሪን ካርድ ላይ ነበርኩ። ሻጩ መታወቂያዬንና ግሪን ካርዴን አየ፣ የፌዴራሉን ፎርም ሞላሁ፣ ምርመራው አለፈ፣ ይዤ ወጣሁ። ስልክ መግዛት ራሱ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ያ ቅለቱ ነው ያታለለኝ። አፈሙዟ 10 ኢንች ተኩል ነበር፤ ከኋላዋ ደግሞ ብሬስ የሚሉት ነገር አላት። ብሬስ መጀመሪያ የተሠራው አካሉ የተጎዳ ሰው ክንዱ ላይ አስሮ በአንድ እጅ እንዲተኩስ ነው። የገዛው ሰው ሁሉ ግን ትከሻው ላይ ይደግፈዋል። እኔም ጭምር።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በፌዴራል ሕግ ጥይት መተኮሻው ትከሻ ላይ ተደግፎ እንዲተኮስ ከተሠራ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙ ከ16 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም። ካነሰ መያዝ የሚቻለው መጀመሪያ ኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ዘንድ ተመዝግቦ ነው። ሳይመዘገብ የያዘ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እንግዲህ አስበው። ያቺው ባለ 10 ኢንች ተኩሏ መሣሪያ ሰደፍ ከሌላት ሽጉጥ ናት። በኢንተርኔት ርካሽ ሰደፍ አዘህ ብትሰካባት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወንጀለኛ ሆነህ ትነሳለህ። ማንም ላይ ሳትተኩስ፣ ከሳሎንህ ሳትወጣ።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። እኛ አጭር ስንል ታጣፊ ክላሽ ነው የሚመጣብን። ግን የታጣፊው አፈሙዝ 41.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 16 ኢንች ደግሞ 40.64። አንድ ሳንቲ ሜትር ባልሞላ ነገር ታጣፊያችን በአሜሪካ ሕግ አጭር አይደለም! ጠቅላላ ርዝመቱም ሰደፉ ተዘርግቶ ነው የሚለካው። እሱን የሚያስከለክለው ቃታውን ስበህ ስትይዘው መንጣጣቱ ነው። ከሜይ 19 ቀን 1986 በኋላ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ተራ ሰው መያዝ አይችልም። እዚህ ሱቅ ተሰቅሎ የምታየው ክላሽ መልኩ ክላሽ ቢሆንም አንድ ቃታ አንድ ጥይት ነው።

ይሄ የ16 ኢንች ነገር ከየት መጣ ካልክ ከ1934 ነው። ያኔ ወንበዴዎች በየከተማው ቶምሰን የሚባለውን አውቶማቲክ እየያዙ ነበር የሚታኮሱት። ሕጉ ሲረቀቅ ሽጉጥም አብሮ ይመዝገብ ተብሎ ነበር። ሽጉጥ ካልተመዘገበ አይያዝም ከተባለ ደግሞ ሰው ጠመንጃውን ቆርጦ ኮቱ ሥር ይደብቃል ብለው አጭር ጠመንጃንም ጨመሩበት። በመጨረሻ ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። አጭር ጠመንጃ ግን እንደተጻፈ ቀረ። ማለትም ዋናው በር ተከፍቶ መስኮቱ ተቆለፈ። ለምዝገባው የተጣለው ግብር 200 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያ ብር ቶምሰኑን ራሱን ይገዛል። ለእኔ የ16 ኢንቹ ሕግ ትርጉም የለውም። ግን ትርጉም የለውም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። በጃንዋሪ 2023 ኤቲኤፍ ብሬስ ያላቸውን አብዛኞቹን መሣሪያዎች እንደ አጭር ጠመንጃ እቆጥራለሁ አለ። እስከ ሜይ 31 ቀን ጊዜ ሰጠ። ወይ ያለ ግብር ታስመዘግባለህ፣ ወይ ብሬሱን ትነቅላለህ፣ ወይ ረጅም አፈሙዝ ትገጥማለህ፣ ወይ ታስረክባለህ፣ ወይ ታጠፋታለህ። ትናንት ሱቅ ገብቼ በሕግ የገዛሁት ዕቃ ዛሬ ሊያሳስረኝ ነው። የዜግነት ማመልከቻዬ ደግሞ ገብቷል፤ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅኩ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ በመጨረሻ «ወይ ጠበቃ ጋ ሂድ ወይ እኔ ወንዝ ውስጥ እጥላታለሁ» አለችኝ።

የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ለአንድ ሰዓት የከፈልኩት ገንዘብ አንገብግቦኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እመርቃታለሁ። የነገረችኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ማንኛውንም የጦር መሣሪያ ሕግ ጥሶ ከተፈረደበት ያ ራሱ ከአገር ያስባርራል። ሁለተኛው ይብሳል። ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ የሚከለክለው የሕግ አንቀጽ በቁጥሩ ተጠቅሶ የኢሚግሬሽን ሕጉ ውስጥ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ከሚባሉት ከባድ ወንጀሎች ዝርዝር ገብቷል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገባህ ዳኛ ፊት ቆመህ ልጆች አሉኝ፣ 15 ዓመት ግብር ከፍያለሁ ብትል አብዛኛው በር ተዘግቷል። ዜግነትም እስከ መጨረሻው ይቀርብሃል።

ጓደኛህ ዜጋ ከሆነ እሱን የሚያሰጋው እስር ነው። አንተን ግን ከእስሩ በኋላ ቦሌ ነው የሚጠብቅህ። ስለዚህ «እኔ ስንት ዓመት ይዣት ምንም አልሆንኩም» ሲልህ ለራሱ ነው የሚያወራው።

እኔ ባለ 16 ኢንች አፈሙዝ አስገጠምኩ። ቦርሳ ውስጥ መግባቷ ቀረ። በጁን 2024 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ያንን የኤቲኤፍ ደንብ ሙሉ በሙሉ ሻሩት። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ። የዜግነት ቃለ መሃላዬን የፈጸምኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። «ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነፃ ሆኗል» ሲሉ ትሰማለህ። ነፃ የሆነው 200 ዶላሩ ነው፤ ለአጭር ጠመንጃ ዜሮ ገብቷል። ምዝገባው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ ፈቃዱ እስኪመጣ መጠበቁ እንዳለ ነው። ዜሮ ብር የሚለውን ሰምቶ ሰደፍ የሰካ ሰው አውቃለሁ። አስነቀልነው።

ቨርጂኒያ ራሷም የራሷ ነገር አላት። ኤአርና መሰሎቹን በማገድ ጉዳይ የግዛቷ ምክር ቤት በ2024ም በ2025ም ሕግ አሳልፎ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የያኔው ገዥ ያንግኪን አልፈርምም አሉ። በጃንዋሪ 2026 ግን ገዥ ተቀይሯል፤ ይሄም ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ሱቅ ከመግባትህ በፊት የዛሬውን ሕግ እይ፣ የእኔን የ2021 ታሪክ አትከተል። ወረቀቱ ያላለቀለት ዘመድህ «በስምህ ግዛልኝ» ካለህ ደግሞ በጭራሽ። መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ ለተከለከለ ሰው አውቆ መግዛት ከ2022 ጀምሮ በራሱ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያልከው ላይ አጭር መልስ አለኝ። አትያዛት። ሜሪላንድ በ2013 ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹን የኤአር ዓይነቶች አግዳለች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2025 ጉዳዩን አላይም ብሎ ሕጉ ጸንቷል። የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድህንም አይቀበሉም። ዲሲም እንደዚያው ናት። ደግሞ የዊልሰን ድልድይን ስትሻገር አስተውለህ ታውቃለህ? መሀሉ ላይ ትንሽ የዲሲ ቁራጭ አለች። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ሆነህ ታልፋለህ። ሦስት ሕግ በአንድ ድልድይ። እኔ ክትፎ ልበላ ስሄድ መሣሪያ ቤት ነው የሚቀረው።

ስለ ሱቁ ደግሞ። የእኔንም ሊዘርፉት መጥተው ያውቃሉ። አጭሯ ከጓሮ ክፍል ውስጥ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ካሸር ላይ ነበርኩ። ልጁ 18 ዓመት እንኳ የሞላው አይመስልም፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠሁት። ከ600 ዶላር ትንሽ ያንሳል። ደግሞ እንኳንም አጭሯ እጄ ላይ አልነበረች። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ከጀርባ ሹሩባ የሚሠሩ ልጆች እስከ ሌሊት ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ካሽ እየቆረጥኩ የምከትበት፣ እኔም ቢሆን ማታ የማልከፍተው ካዝና ወለሉ ላይ አስተከልኩ፤ ማታ እንደማይከፈት የሚል ጽሑፍም የሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። ስንዘጋ ሁለት ሆነን ነው። ኤአሯን ሸጥኳት። አንዲት ተራ ሽጉጥ አለችኝ፣ ቤት ተቆልፋ ነው የምትቀመጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። የለጠፍከውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የጓደኛህ መሣሪያ ከኋላዋ ያለው ብሬስ ይሁን ሰደፍ አልለየሁትም፤ ሰደፍ ነው የሚመስለው። ከጀርባ ደግሞ የሱቅህ መደርደሪያ ይታያል። ፎቶውን አሁኑኑ አንሳው። ዕቃዋ አንተ ጋ ካደረች እሱ ራሱ መጥቶ ይውሰዳት ብዬ አልነግርህም፤ ምንም ሳትነካ ጠዋት መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ደውል። ኢሚግሬሽንም ወንጀልም የሚያውቅ ይሁን። ካላገኘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የእኔዋን እሰጥሃለሁ።