አጥር ሥር የተገኘ ባለቤቱ ያልታወቀ ኢሙ

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ገጠር ውስጥ ፍየል አረባለሁ። ሰሞኑን ሰጎን የሚመስል ትልቅ ወፍ አጥሬ ሥር ይመላለሳል፤ ጎረቤቶቼ ኢሙ ነው ይላሉ። በጣም ከስቷል። ከፍየሎቹ መኖ ልስጠው? እንዴትስ ልያዘው?

መልስ፦ የፍየሎቹን መኖ አይስጡት። አሜሪካ ውስጥ ለፍየልና ለከብት ከሚሸጠው መኖ አንዳንዱ ሞኔንሲን የተባለ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) መከላከያ መድኃኒት አለበት። ለፍየል የሚስማማው መጠን የሰጎን ዘር ወፎችን ጡንቻ ይጎዳል፤ እግራቸው ይዝልና መነሣት ያቅታቸዋል። ስለዚህ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የፍየሎቹንም ገንዳ ኢሙው ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩ።

ከሁሉ በፊት ውሃ ያስፈልገዋል። በሰፊ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡለትና ዞር ይበሉ። ከዚያ ከመኖ መደብር ለሰጎንና ለኢሙ የተዘጋጀ እንክብል መኖ ይግዙ። እስኪገኝ ድረስ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት የተርኪ ወፍ ወይም የዶሮ ማሳደጊያ መኖ ይበቃል። የጎለመሰ ኢሙ በቀን 700 ግራም ያህል ይበላል። የተራበውን ግን በአንድ ጊዜ አያጥግቡት፤ መጀመሪያ ከዚህ ግማሹን ለሦስት ከፍለው ይስጡት፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የተከተፈ ጎመን፣ ፖምና ካሮት ይወዳል። ጥርስ ስለሌለው ሳያኝክ ይውጣል፤ ስለዚህ በትንንሹ ይክተፉት። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። ዳቦ ወይም በቆሎ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም።

ለመያዝ ብለው ፈጽሞ አያባርሩት። ኢሙ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በተለይ በሙቀት ሲባረር ጡንቻው ተጎድቶ፣ ከተያዘም በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወደ ፊት ስለሚራገጥና ጥፍሩ ስለታም ስለሆነ ፊት ለፊቱ አይቁሙ፤ ውሻና ሕፃናትንም ያርቁ። ይልቅ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየመገቡ ምግቡን ቀስ በቀስ ወደ በረቱ ያስገቡ፤ ተከትሎ ሲገባ በሩን በጸጥታ ይዝጉ። አጥሩ 1.8 ሜትር ከፍታ ያለው ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ መረብ ይሁን፤ እሾሃማ ሽቦ ቆዳውን ይቀደዋል። ከማስገባትዎ በፊት ሚስማር፣ ብሎንና የሽቦ ቁራጭ ከመሬቱ ይልቀሙ። ኢሙ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየ ይውጣል፤ ስል ብረት ደግሞ ሆዱን ይበሳል።

የከሳ ሁሉ የተራበ አይደለም። ወንዱ ኢሙ እንቁላል የሚታቀፈው ለስምንት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ከመብላት ስለሚቆጠብ በጣም ይከሳል። በአሜሪካ የሚጥሉት በክረምቱ ቅዝቃዜ ወቅት ነው። ጥቁር አረንጓዴ እንቁላል ላይ ተኝቶ ካገኙት ውሃ አጠገቡ አኑረው ይተዉት።

ዛሬውኑ ለካውንቲዎ ሸሪፍ (ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ) ያሳውቁ። የቴክሳስ ሕግ ጠፍቶ የመጣን ኢሙ እንደ ባዘነ ከብት ስለሚቆጥረው፣ የመሬቱ ባለቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ባለቤቱን የሚያፈላልገውም ሸሪፉ ነው፤ እስከዚያ ኢሙው የእርስዎ ስላልሆነ አይሽጡት፣ ለሌላም አይስጡት።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካዩ ግን አይንኩት። በቢምቢ የሚተላለፈውና ሰውንም የሚይዘው «የምሥራቅ ፈረስ የአንጎል ብግነት» የተባለ የቫይረስ በሽታ ኢሙ ላይ በዚህ መልክ ሊታይ ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ ዶሮ ካለዎትም ከኢሙው አርቀው ይዝጉ።