መርከብ ላይ እንዳያጥወለውላችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን በመርከብ ማዝናናት ጀምረዋል። እኛ ጎንደሮች ደግሞ የምናውቀው ትልቅ ውሃ ጣና ነው። ስለዚህ «መርከብ ላይ ቢያስመልሰኝስ?» የሚለው ጥያቄ በዝቶብኛል። ሥራዬ ፋርማሲ ነው፤ የቻልኩትን እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። የመኪናውንና የጀልባውንም ጥያቄ አብሬ ወስጃለሁ፤ ሕመሙ አንድ ነውና።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ልጄ ከአሜሪካ ሆና በካሪቢያን ባሕር የ7 ቀን የመርከብ ጉዞ ከፍላልኛለች። እኔ ደባርቅ እስክደርስ እንኳ የሚያስመልሰኝ ሴት ነኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይሂዱ እናቴ፣ ይሂዱ። ትልቅ መርከብ ከሚኒባስ በብዙ ይሻላል። ከጎንና ከጎኑ ውሃ ውስጥ የሚዘረጉ ክንፍ መሳይ ማረጋጊያዎች አሉት፤ ማዕበል ወደ ጎን ሲገፋው ውዝዋዜውን ይቀንሱለታል። ባሕሩ ጸጥ ካለ መርከቡ መሄዱን እንኳ ላያውቁት ይችላሉ። ነገር ግን መኪና የማይስማማው ሰው መርከብም ሊያስቸግረው ስለሚችል ተዘጋጅቶ መሄድ ነው።

ለልጅዎ ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቋት። መጀመሪያ የመኝታ ክፍሉ የት ነው? መርከብ አፍንጫውና ጭራው ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሐሉ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ መሐል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ትያዝልዎት። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው በረንዳ ያምራል፤ ውዝዋዜው የሚብሰውም እዚያው ነው። መስኮት ካለው ደግሞ እሰየው። ሁለተኛው ወሩ ነው። የአትላንቲክና የካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ማለት ነው። መምረጥ ከቻላችሁ ከዚያ ውጭ ሂዱ።

ጥያቄ (ተማሪ ነኝ)፦ ሆዴን ምንም ሳያመኝ መኪና ውስጥ ስገባ ብቻ ወደ ላይ የሚለኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሆድህ ምንም አላጠፋም። ነገሩ የሚጀምረው ጆሮ ውስጥ ነው። ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበት መሳይ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄዳችንን የሚለዩ ክፍሎች አሉ። ጭንቅላትህ ሲንቀሳቀስ ፈሳሹም ይንቀሳቀሳል፤ ልክ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ መዝመምህን ይናገራል። አሁን መርከብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሃል በል። ጆሮህ «እየተወዘወዝን ነው» ይላል። ዓይንህ የሚያየው ግድግዳ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አእምሮ ሁለት የተለያየ ወሬ ሲደርሰው ይረበሻል። መጀመሪያ ማዛጋትና ምራቅ መብዛት ይመጣል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ በመጨረሻ ማስመለስ።

ማስረጃው ግልጽ ነው። የውስጥ ጆሯቸው ሚዛን ጠባቂ ክፍል ጨርሶ የማይሠራ ሰዎች መርከብ ላይ አያስመልሳቸውም። ዓይነ ስውራን ግን ያስመልሳቸዋል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የሚያሳምመው ድንገተኛው ጉድጓድና ንጠት አይደለም። ዝግ ያለው ውዝዋዜ ነው፤ በተለይ በ5 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚለው። ፈረስ ሲጋልብ ያስመለሰው ሰው የማይታየው፣ ግመል ላይ ግን የሚያጥወለውለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የትኛውን መድኃኒት ልውሰድ? መቼስ?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው «መቼ» የሚለው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ሕመሙ ሳይጀምር ሲወሰዱ ነው። ማስመለስ ከተጀመረ ጨጓራ ሥራውን ያቆማል፤ የዋጣችሁት ኪኒን ወደ ደም ሳይገባ ተመልሶ ይወጣል። መኪና ላይ ወጥቶ፣ ላብ ላብ ሲል፣ «እስቲ ኪኒኑን አቀብይኝ» ማለት ዋጋ የለውም።

በየፋርማሲው ዘንድ የሚታወቀው ፕሮሜታዚን ነው። ለአዋቂ 25 ሚሊ ግራም፣ ከጉዞው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ይሠራል፤ ግን እንቅልፉ ከባድ ነው። ዳይመንሃይድሪኔት 50 ሚሊ ግራም በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል፤ ጉልበቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ስለሆነ ይደገማል። ሜክሊዚን ከጉዞው 1 ሰዓት በፊት ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ተወስዶ ቀኑን ሙሉ ያገለግላል፤ እንቅልፉም ቀለል ይላል። ለብዙ ቀን የመርከብ ጉዞ የምመርጠው ሜክሊዚንን ነው፤ አሜሪካ ያሉ ልጆቻችሁ በቀላሉ ያገኙታል። ጉዞው ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ቤት ሆናችሁ ሞክሩት። እንዴት እንደሚያደርጋችሁ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ። የሚነዳ ሰው እነዚህን አይውሰድ፤ ቢራና አረቄም አብሮ አይሄድም።

ጥያቄ፦ ፕላሲል ወስጄ ምንም አልሠራልኝም። ወንድሜ ደግሞ ለአለርጂ የሚወስደውን ሴትሪዚን ሰጠኝ፤ እሱም ያው ነው። የኔ ሕመም የተለየ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ መድኃኒቶቹ ናቸው የተሳሳቱት። ፕላሲል ለሌላ ማስመለስ ይረዳል፤ ከጆሮ የሚነሳውን ግን አያቆመውም። ሴትሪዚንና ሎራታዲን እንቅልፍ እንዳያመጡ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ወደ አእምሮ እምብዛም አይገቡም። እዚያ ካልገቡ ደግሞ ለዚህ ሕመም አይጠቅሙም።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ አባታችን 72 ዓመታቸው ነው፣ የፕሮስቴት ችግር አለባቸው። እህቴ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ መድኃኒት ልካላቸዋለች። ይለጥፉት?

መልስ፦ ለጋሼ እንዳትለጥፉላቸው። ያ ልጣፍ ስኮፖላሚን ይባላል። ከጉዞው ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ እስከ 3 ቀን ይሠራል። ለጤናማ ጎልማሳ ከሁሉም ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። የፕሮስቴት እብጠት ያለበትን ሰው ግን ሽንት ሊከለክለው ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ያደናግራል፤ ሌሊት ተነስተው የት እንዳሉ ሊጠፋቸው ይችላል። አንድ ዓይነት ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለበትም አደገኛ ነው። ለልጆችም አይሆንም። የሚለጥፈው ሰው ሲለጥፍም ሲያነሳም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በእጁ ዓይኑን ከነካ ብሌኑ ይሰፋና ማየት ይደበዝዝበታል። ለአባታችሁ ክፍሉን መሐል ላይ ያዙላቸው፤ ስለ ኪኒን ደግሞ ሐኪማቸውን አማክሩ። ፕሮሜታዚንና ዳይመንሃይድሪኔትም ሽንት ላይ ተጽዕኖ አላቸውና በራሳችሁ አትስጡ።

ጥያቄ፦ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ስንወርድ የ8 ዓመት ልጄ ሁልጊዜ ያስመልሰዋል። ዝም እንዲል ስልክ እሰጠዋለሁ።

መልስ፦ ስልኩን ውሰጂበት እህቴ። ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ጆሮው ጠመዝማዛው ላይ ከሆነ ማስመለሱ አይቀርም። ይህ ሕመም ከ2 ዓመት በታች ያሉትን እምብዛም አይዝም፤ የሚብሰው በልጅሽ ዕድሜ አካባቢ ነው፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፊት መስታወት አሻግሮ መንገዱን እንዲያይ አስቀምጪው። ከመኪናው ኋላ፣ በጎን መስኮት ዛፍና ገደል ሲሮጥ እያየ አይሂድ። ተረት ንገሪው፤ ለጆሮ ብቻ የሆነ ጨዋታ አይጎዳውም። ዳይመንሃይድሪኔት ከ2 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ መጠኑን ፋርማሲ አስለኪ። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሎሚ ማሽተት፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል... እነዚህስ?

መልስ፦ ዝንጅብል ማቅለሽለሹን ለአንዳንድ ሰው ያቀልላል። ሻይ አድርጋችሁ ጠጡት ወይም አኝኩት፤ ከባድ ማዕበልን ግን ብቻውን አይችለውም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ሎሚና ጤና አዳም የናፍጣውንና የላቡን ሽታ ይሸፍናሉ፣ ሽታ ደግሞ ማቅለሽለሽን ያባብሳል። ስለዚህ እሽትት አድርጉ፤ ጉዳት የለውም።

ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። መስኮት ክፈቱ! ከአውቶቡስ መናኸሪያ ስንወጣ የማየው ነው። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ላብ ያጠምቃታል፣ ረዳቱ ፌስታል ያቀብላታል። መስኮት ልትከፍት ስትል ከኋላ «ኧረ ዝጊው፣ ምች ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ንጹሕ አየር ማንንም አይገድልም። የታመመ ሰው ካለ ጋቢናውን ልቀቁለት፣ መስኮቱንም ክፈቱለት።

ጥያቄ፦ እንዳያስመልሰኝ ብዬ ምንም ሳልበላ ነው የምሳፈረው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ባዶ ሆድ ያባብሰዋል። ከመሳፈር በፊት ቂጣ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ትንሽ ቀመስ አድርጉ። ቅቤ የበዛበት፣ ጥብስና ቅመም ይቅር። መርከብ ላይ ምግቡ ቀኑን ሙሉ ይደረደራል፣ ሰው እስኪያቅተው ይበላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ተጠንቀቁ። ጾመኛ ከሆናችሁ ከመርከቡ ጉዞ ይልቅ ጾሙን ነው የማከብረው፤ ሜክሊዚኑንና የክፍሉን ቦታ ግን አትርሱ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ በማኅበር ወደ ጎርጎራ ወርደን በጀልባ ወደ ገዳም ልንሻገር ነው። አንዳንዶቻችን ውሃ እንፈራለን።

መልስ፦ በጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይናወጣል። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ነው። የሚያመው ሰው ከጀልባው መሐል ይቀመጥ፤ ከፊት ንጠቱ፣ ከኋላ የሞተሩ ጭስ አለ። ፊቱን ወደ ጉዞው ያዙር፤ ዓይኑን ሩቅ ዳርቻው ላይ ይትከል። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ማስመለስ የመጣበት ሰው ተነስቶ አይቁም፤ ተቀምጦ ፌስታል ይጠቀም። ጀልባ ላይ መቆም ከመታመሙ የባሰ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ መርከብ ላይ ሆኜ አንዴ ከጀመረኝስ?

መልስ፦ ከክፍልህ ውጣ። መሐል መርከቡ ላይ፣ ክፍት ቦታ ሂድና ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር እይ። ዓይንና ጆሮ ያኔ ይስማማሉ። መቆም ካቃተህ በጀርባህ ተኛ፣ ራስህን ትራስ ላይ አስደግፍ፣ ዓይንህን ጨፍን። ውሃ በአንዴ አትጠጣ፤ ትንሽ ትንሽ ጎንጨት በል። ከአገርህ ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ኪኒን አልረጋ ካለ ወደ መርከቡ ክሊኒክ ሂድ፤ መርፌ ይሰጡሃል። አብዛኛው ሰው በ2 ወይም በ3 ቀን ይለምደዋል።

አንድ ጥብቅ ነገር። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ ያ የባሕር ሕመም አይደለም። መርከብ ላይ ኖሮቫይረስ የሚባል ተላላፊ የሆድ በሽታ ቶሎ ይዛመታል። ለክሊኒኩ ተናገር፣ እጅህንም በሳሙናና በውሃ ታጠብ፤ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ለዚህ ቫይረስ ደካማ ነው። ደም ያለው ትውከት፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመኖር ወይም ከባድ ራስ ምታት ከታየም ሐኪም ዘንድ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ አብዛኞቹ የመርከብ ድርጅቶች 24ኛ ሳምንት የገባችን ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም፤ የምትመለሺበትን ቀን ቆጥረሽ ጠይቂ። መድኃኒቱን የሚከታተልሽ ሐኪም ይምረጥልሽ።

ጥያቄ፦ መርከበኛ ለመሆን ልሠለጥን ነው። ለደጋ ልጅ ባሕር ይሆነዋል?

መልስ፦ ይሆነዋል። ከደጋ መወለድህ አይወስነውም፤ ጆሮህ ይለምዳል። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ ሆኖ ማዕበል ሲነሳ ይታመም ነበር። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርለስ ዳርዊንም ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ሲዞር ከማቅለሽለሽ አልተላቀቀም፤ ሥራውን ግን ሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋ ላይ አትዋል፣ ሥራ ያዝ፣ አድማሱን እይ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከመርከብ ወርዳ ጎንደር ገብታ እንኳ «መሬቱ ይወዛወዛል» ትላለች።

መልስ፦ አእምሮዋ ውዝዋዜውን ለምዶት ገና አልተወውም። ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይጠፋል። በእግር ትንሸራሸር፣ ቤት አትዝጉባት። ከወር በላይ ከቆየ የነርቭ ወይም የጆሮ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ በቃ ባሕር እፈራለሁ፤ ልጆቼ ግን «መርከብ ካልሆነ» ይሉኛል።

መልስ፦ «የዓባይ ወንዝ መርከብ ይሁንልኝ» ይበሏቸው። ግብፅ ውስጥ በሉክሶርና በአስዋን መካከል የሚሄዱ የመዝናኛ መርከቦች አሉ። ወንዝ ስለሆነ የባሕር ማዕበል የለውም፤ ዳርቻው ሁልጊዜ ከዓይን አይጠፋም። ያም ካልተመቸ በኖርዌይ ተራሮች መካከል የሚገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች ከክፍት ባሕር ይልቅ የተከለሉ ናቸው። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት መርከቡ ክፍት ባሕር ላይ ስንት ሌሊት እንደሚያድር ጠይቁ፤ ከእነዚያ ሌሊቶች በፊት ኪኒኑን ትወስዳላችሁ።