ከውሻና ከድመት ጋር ቤት መከራየት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት «እንስሳ ይዛችሁ ቤት ስትፈልጉ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ብዙ ጻፋችሁልኝ፣ አመሰግናለሁ። ለማታውቁኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አክማለሁ። ዘጠኝ ዓመት ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ተከራይቼ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ እናቴ ግቢ ያሉትን ሁለት ሰርቪሶች የማከራየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

ጥያቄ (ከጎሮ)፦ ዶክተርዬ፣ ደላላው ውሻ አለኝ ስለው «በቃ ተይው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። አራት ቤት አየሁ፣ አራቱም እንቢ አሉኝ። እንስሳ ለምን እንዲህ ይጠላሉ?

እህቴ፣ ብዙዎቹ አይጠሉም። ግቢያቸውን ብታዪ የራሳቸው ውሻ ታስሮ ታገኛለሽ። የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው።

እዚህ አገር አብዛኛው አከራይ ከተከራዩ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰርቪሱ ከዋናው ቤት አምስትና ስድስት እርምጃ ቢርቅ ነው። በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ የልብስ መስጫው ገመድ አንድ፣ አንዳንዴ ሽንት ቤቱም አንድ ነው። ውሻሽ ሌሊት ቢጮህ የሚነቁት እነሱ ናቸው። ግቢው ውስጥ ቢጸዳዳ ጠዋት በነጠላ ጫማ የሚረግጡት እነሱ ናቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ግቢ ማጠብ ቀላል ነገር አይደለም። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ መቼ እንደሚያደርስ የሚያሰሉት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው የራሳቸው ውሻ ነው። ለዓመታት ግቢውን ብቻውን የጠበቀ ወንድ ውሻ ላይ ሌላ ወንድ ውሻ ስታመጪበት ዝም አይልም። ጆሮው የተቀደደ፣ እግሩ የተነከሰ ውሻ ሰፍቻለሁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አዲስ ተከራይ መግባቱ ነው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ይላል። በወረቀት ኃላፊነቱ ያንቺ ነው ማለት ነው። ግን ውሻሽ የጎረቤት ልጅ ቢነክስ ጎረቤቱ አንቺን አያውቅሽም። የሚያንኳኳው የአከራይሽን በር ነው። ዕድር አብረው የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። አንቺ በዓመቱ ልትለቂ ትችያለሽ፤ እነሱ ግን ከዚያ ጎረቤት ጋር ይኖራሉ።

አራተኛው ካንቺ በፊት የነበረው ተከራይ ነው። አንዲት ድመት ይዞ ገብቶ ሳያስመክናት በዓመቱ ዘጠኝ ያደረሰ ሰው አጋጥሟቸው ይሆናል። የሱ ጥፋት ላንቺ ተረፈ።

ስለዚህ ቤት ስታዪ «ውሻ አለኝ» ብለሽ ብቻ አትጀምሪ። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ መቼ እንደተከተበ ተናገሪ። የክትባት ካርዱን በእጅሽ ያዢ። የድሮ አከራይሽ ስልካቸውን እንድትሰጪ ከፈቀዱልሽ ስጪ። ደላላውን ሳይሆን አከራዩን በአካል አግኝተሽ አነጋግሪ። ደላላው የሚቸኩለው ለኮሚሽኑ ነው፤ ያንቺን ውሻ ሊያስረዳልሽ አይችልም።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ውሻዬ ትንሽ ናት፣ እምብዛም አትጮህም። ሳልናገር ብገባስ? ከገባሁ በኋላ ሲለምዷት ዝም ይሉ ይሆናል።

እባክህ አታድርገው። እኔ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው ቤቴ ስገባ ቡቺን ማታ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት። ሙዚቃ ከፍቼ ድምፁን እሸፍን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ውዬ ስመለስ ዕቃዬ በረንዳ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ሴትየዋ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ውሻውን ሳይሆን ውሸቱን ነው የጠላሁት» አሉኝ።

ዕቃዬን ማውጣታቸው ልክ አልነበረም። ግን አልፈረድኩባቸውም። የተደበቀ ውሻ ደግሞ ራሱም ይጎዳል። ፀሐይ አያይም፣ አይሮጥም፣ ብቻውን ተዘግቶበት ይውላል። ዝምተኛ የነበረው ውሻ ጯሂና በር ቧጣሪ የሚሆነው ያኔ ነው።

ጥያቄ (ከመርካቶ አካባቢ)፦ አከራዮቼ ሙስሊም ናቸው። ድመት ይዤ ለመግባት እፈራለሁ። ያስቀይማቸው ይሆን?

በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት። ብዙ ሙስሊም ቤት ድመት አለ፤ ስለሷ በግልጽ ጠይቂያቸው። ከበድ የሚለው ውሻ ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠብ የሚል ሐዲስ አለ። ውሻ ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም የሚለውም ሐዲስ አለ። ውሻ ለጥበቃ ከቤት ውጭ መያዝ ግን ይፈቀዳል።

ኦርቶዶክስ አከራዮችም ጋ ተመሳሳይ ስሜት ታገኛላችሁ። ሥዕለ አድኖና ጠበል ያለበት ቤት ውስጥ ውሻ ሲገባ የሚከፋቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ወጣቶች ያጋጥሙኛል፤ እኔ አልስማማም። ሰው በገዛ ግቢው ለሚያምንበት ነገር ክብር ልንሰጥ ይገባል። ውሻው በሰርቪሱ በኩል ብቻ እንደሚወሰንና ወደ ዋናው ቤት እንደማይሻገር ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ የአከራዬ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። «ድመቷ ፅንስ ታበላሻለች፣ ፀጉሯም አስም ያመጣል» ብለው አስወጪያት አሉኝ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ አትሳቂባቸው።

ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ አለ። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ተሕዋሱ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል። ግን ወዲያው ሰው አይዝም፤ ለዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ሰጋቱራውን ወይም አሸዋውን በየቀኑ ከቀየርሽ አደጋው በጣም ይቀንሳል። የምትቀይሪው አንቺ ሁኚ፣ እሷ አትንካው። አንድ ነገር ግን ለቤተሰቡ በትሕትና ንገሪያቸው። ይኸው በሽታ ከጥሬ ሥጋም ይይዛል። ድመቷን አስወጥቶ ለነፍሰ ጡሯ ቁርጥ ማቅረብ አይጠብቃትም። ያልታጠበ አትክልትም እንደዚያው ነው።

አስሙን በተመለከተ ችግሩ ያለው ፀጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በምራቋና ከቆዳዋ በሚረግፈው ነገር ውስጥ ነው። ድመት ስትላስ ፀጉሯ ላይ ይቀራል፤ ሲደርቅ ይበናል። አለርጂ ያለበትን ሰው አስም ሊቀሰቅስበት ይችላል። አስም የሌለበት ሰው ድመት ስላለ ብቻ አስም ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም። ቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌላ ቤት ብትፈልጊ ይሻላል።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። የቤቱ ባለቤት ውሻ ፈቅደውልኛል። የብሎኩ ኮሚቴ ግን «አይቻልም» ይላል። የማን ቃል ይጸናል?

ኮንዶሚኒየም ከግቢ ቤት ይለያል። በ1995 በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ባለቤቶቹ ማኅበር አላቸው፤ መተዳደሪያ ደንብም አላቸው። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የጋራ ነው። ባለቤቱ የራሱን ቤት ሊፈቅድልህ ይችላል፤ ደረጃውን ብቻውን ሊፈቅድልህ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ደንቡን አሳዩኝ በል። በደንቡ የተጻፈ ነገር ከሌለ ስለ ምን እንደሚያማርሩ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ ደረጃ ላይ የተገኘ ሽንት ወይም ጩኸት ነው።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። ኮንዶሚኒየም ስሄድ በጣም የሚያሳዝነኝ በረንዳ ላይ የሚውል ውሻ ነው። ሁለት እርምጃ የማያስኬድ ቦታ፣ ከሰዓት ፀሐይ፣ የደረቀ የውሃ ሳህን። ባለቤቱ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ውሻው የሚጮኸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብቸኝነት ነው። ትልቅ የጥበቃ ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዲያዝ አልመክርም። ያለህ ውሻ ትንሽ ከሆነ ጠዋትና ማታ አውጣው፤ ፌስታል ይዘህ የጣለውን አንሳ። ኮሚቴው ስታነሳ ሲያይህ ነገሩ ይለዝባል። ሦስት ብሎክ ላይ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ውል ላይ ስለ ውሻው መጻፍ ያስፈልጋል? አከራዬ «በቃል ተስማምተናል» ይላሉ።

ያስፈልጋል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። የዛሬ ቡችላ በሁለት ዓመት ውስጥ 35 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አከራይሽ «እኔ የፈቀድኩት ይሄን አልነበረም» ይላሉ።

ስንት እንስሳ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ የተበላሸ በር ወይም ቀለም ማን እንደሚያሳድስ ይጻፍ። ስትገቢ የሊሾውን፣ የበሩንና የግድግዳውን ፎቶ አንሺ። ስትወጪ የሚነሳው ጭቅጭቅ በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ስለ ውሻው ብለው የአራት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ።

አዋጁ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ኪራይ መጠየቅን ይከለክላል። ውሻ መኖሩ ይህን አይቀይረውም። ለጥፋት መያዣ ከፈለጉ ግን ብትስማማ አይከፋም ባይ ነኝ። መጠኑ ተመጣጣኝ ይሁን፤ ለብቻው ይጻፍ፤ ጥፋት ከሌለ እንደሚመለስም ይገለጽ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሦስት ዶሮ አለኝ። ይህስ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ሴት ዶሮዎች ብዙ ጊዜ ይፈቀዳሉ፤ እንቁላልም ታካፍያለሽ። አውራ ዶሮ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ግቢውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። እሱን ተይው።

ጥያቄ (ከኮልፌ)፦ ዶክተር፣ ትናንት ውሻዬ የአከራዬን ልጅ እጁ ላይ ነከሰው። ትንሽ ቁስል ነው። ልብስ ቀዶ ቢያስሩለት ይበቃል?

አይበቃም። ይህን መልስ ሳታነብ በፊት ደውዬልሃለሁ፤ ሌሎችም እንዲያነቡት ነው የምጽፈው።

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የድሮ ሰው «ፓስተር ሂድ» የሚለው ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። ቁስሉ ትንሽ ነው አይባልም፤ ጭረትም ይቆጠራል። ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ልጅ ያሳጣል።

ውሻውን አትግደሉት፣ አታባሩትም። አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ከገደላችሁት ወይም ካባረራችሁት ይህን የምታውቁበት መንገድ ይጠፋል። የልጁ ሕክምና ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

ለሁላችሁም፦ ውሻን በሦስት ወሩ ከዚያም በየዓመቱ አስከትቡ። በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡ። በዓል ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትጣሉለት። ውሻው ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ ወደ ሰው ሲተላለፍ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። አከራይ «ውሻ በሽታ ያመጣል» ሲል ሐሰት እየተናገረ አይደለም። ያልተያዘ ውሻ ያመጣል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ እዚህ አፓርታማው ውሻ ይፈቅዳል፤ ግን ተቀማጭም ወርኃዊ ክፍያም ይጠይቃል። ጓደኛዬ «የድጋፍ እንስሳ ነው በይ፣ ነፃ ይሆናል» አለችኝ።

በፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ መሠረት አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ጤና ችግር ላለበት ሰው የሚረዳ እንስሳ እንደ ተራ የቤት እንስሳ አይታይም፤ የእንስሳ ክፍያም አይጠየቅበትም። እውነት የሚያስፈልግሽ ከሆነ ከሚያክምሽ ባለሙያ ደብዳቤ ያዢና ያለ ሐፍረት ጠይቂ። ካልሆነ ግን አትበይ። ያ መብት ለብዙ ሰው የመኖር ጉዳይ ነው፤ በሐሰት በተጠቀሙበት ቁጥር እውነተኛውም ይጠረጠራል።

ጥያቄ (ከቀበና)፦ ልጄ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ተከራዬ ባለፈው ወር ለቀቀች፤ ውሻዋን ግን ትታብኝ ሄደች። «አዲሱ ቤት አልፈቀዱልኝም» አለች። በሩ ሥር ተኝቶ እሷን ይጠብቃል። የሰጠሁትን አይበላም። ምን ላድርገው?

እማማ፣ ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎቹን ክፍት ያደረግሁት እንዲህ ዓይነቱን ነገር በየወሩ ስለማይ ነው። ቤት በተቀየረ ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀር ውሻ አለ። እርስዎ በሩን አልዘጉበትም።

ልጅቷ ጋ ይደውሉላትና ሦስት ነገር ይጠይቋት። መቼ እንደተከተበ፣ ምን መብላት እንደለመደ፣ ማን ብላ እንደምትጠራው። እስከ ቅዳሜ ድረስ እንጀራ በሾርባ አለስልሰው ይሞክሩለት፤ ውሃ አይለየው። ካርዱ ካልተገኘ እንደ አዲስ እከትበዋለሁ፣ አላስከፍልዎትም። ሊያስቀሩት ካልፈለጉ የሚወስደው ሰው አብረን እንፈልጋለን።

ሲያቀርቡለት አጠገቡ ዝቅ ብለው ይቀመጡና በስሙ ይጥሩት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።